ሽቦው አንገቱ ውስጥ የገባው ውሻ

ከሥራ ሲመለሱ፣ በጎረቤት ግቢ ታስሮ ቀኑን ሙሉ የሚያላዝን የውሻ ድምፅ ሰምተው ያውቁ ይሆናል። አብዛኞቻችን እንሰማለን፤ «የሰው ንብረት ነው» ብለን እናልፋለን። ልጆቻችን ግን አያልፉም። በአጥሩ ቀዳዳ የእንጀራ ቁራሽ ያቀብላሉ፤ ከዚያም አልፈው ሊፈቱት ይሞክራሉ። ዛሬ የምናወጋዎ ስለ አንድ እንዲህ ያለ ውሻና ስለ ራሴ ልጅ ነው። ነገሩ የተፈጸመው እዚሁ ሐዋሳ፣ በምንኖርበት ሰፈር ነው።

ውሻውን ጎረቤታችን ያመጣው ቡችላ ሳለ ከአሞራ ገደል ነበር። አሞራ ገደልን የሚያውቅ ሰው፣ በሐይቁ ዳር ከአባ ኮዳዎች ጋር እየተሻሙ የዓሣ ትርፍራፊ የሚለቃቅሙትን ውሾች አይረሳም። ቡችላው እንደ መጣ አንገቱ ላይ ሽቦ ታሰረለት። ውሻው አደገ፤ ሽቦው ግን አላደገም። ዓመት ሳይሞላው ሽቦው ቆዳውን ቀዶ ሥጋው ውስጥ ገባ፤ ቁስሉም ዝንብ ሰፈረበት።

ጎረቤታችን ክፉ ሰው አይደለም። ብዙ ሰው የሚያምነውን ያምናል፤ ውሻ ካልታሰረ፣ ካልተራበና ካልተመታ ለጥበቃ አይሆንም ይላል። የእኔም ጥፋት ቀላል አልነበረም። በየማለዳው እያየሁ፣ «ጋሼ፣ ይህን ሽቦ ቢያላሉለት» ለማለት እንኳ አፌን አልከፈትሁም።

አንድ ቅዳሜ የዘጠኝ ዓመት ልጄ ከአባቱ ዕቃ መካከል ፒንሳ አንሥቶ በአጥሩ ሾልኮ ገባ። ሽቦውን ሊቆርጥ ነበር። ቁስሉ ሲነካ ውሻው ዞሮ እጁን ነከሰው። ጩኸቱን ሰምቼ ስደርስ ሰፈሩ ተሰብስቧል። «አብዷል! ሳያመልጥ በሉት!» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ወጣቶቹ ድንጋይና ዱላ ይዘዋል። አንዷ ቡና ደቁሰሽ ነስንሺበት ትለኛለች፤ ሌላዋ መድኃኒት ቀማሚ ዘንድ ውሰጂው ትላለች።

በዚያ ግርግር መካከል ነገሩን ያረጋጋችው በሰፈራችን የምትኖር አንዲት ነርስ ናት። ሁለት ትእዛዝ ሰጠች። አንደኛ፣ የልጁ እጅ አሁኑኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ። ሁለተኛ፣ ውሻውን ማንም እንዳይገድለው።

ሁለተኛው ትእዛዝ በዚያች ሰዓት አልገባኝም ነበር። ልጄን የነከሰ ውሻ እንዲተርፍ የምመኝበት ምን ምክንያት አለ? ምክንያቱን ግን እያንዳንዷ እናት ልታውቀው ይገባል።

የእብድ ውሻ በሽታ የሚተላለፈው በታመመው እንስሳ ምራቅ ነው። ተዋሲው በቁስሉ ገብቶ በነርቭ አማካይነት ቀስ በቀስ ወደ አንጎል ይጓዛል። ጉዞው ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይፈጃል፤ ንክሻው ራስ ወይም ፊት ላይ ከሆነ ግን ሊያጥር ይችላል። ምልክቱ በሰው ላይ አንዴ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ለማለት ይቻላል። ተዋሲው አንጎል ሳይደርስ በፊት ግን ቁስሉን ማጠብና በጊዜው መከተብ ሕይወት ያድናል። ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1885 የመጀመሪያውን ክትባት የሰጠው በእብድ ውሻ ለተነከሰ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። ልጁም ዳነ።

የነከሰው ውሻ በሕይወት ቢቆይ ደግሞ ራሱ መልስ ይሰጣል። ሲነክስ ምራቁ ውስጥ ተዋሲው ከነበረ፣ በ10 ቀን ውስጥ የሕመም ምልክት ያሳያል ወይም ይሞታል። 10 ቀን ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በንክሻው በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው፤ የቀረውን ክትባት ለማቋረጥም ሐኪሙ ሊወስን ይችላል። ውሻው ከተገደለ ግን ይህ መልስ አብሮት ይቀበራል። ይህ ሲባል ክትባቱ 10 ቀን ይጠበቅ ማለት አይደለም። ክትባቱ በዚያው ዕለት ይጀመራል፤ ውሻውም በአንድ በኩል ይጠበቃል።

ልጄ በዚያው ቀን ክትባት ጀመረ። በቀድሞው ዘመን በአገራችን ይሰጥ የነበረው ክትባት ከሁለት ሳምንት ላላነሰ ጊዜ በየቀኑ ሆድ ላይ የሚወጋ ነበርና ብዙ ሰው መርፌውን ፈርቶ ይሸሽ ነበር። አዲሱ ዓይነት በጥቂት ቀጠሮዎች ክንድ ላይ የሚሰጥ ነው።

ውሻውን የእንስሳት ሐኪም መጥቶ በማደንዘዣ አስተኛውና ሽቦውን ቆርጦ አወጣው። ከዚያ በኋላ ያሉትን 10 ቀናት አልረሳቸውም። ውሻው በተዘጋ ጓሮ ተቀምጦ ምግብና ውሃ በሩቅ ይቀርብለታል። ልጄ በየማለዳው ከአልጋው ሳይነሣ «እማዬ፣ አለ?» ይለኛል። እኔም ጫማዬን ሳላደርግ ወጥቼ በአጥሩ አያለሁ። ድምፁ ጎርንኖ ይሆን? መንጋጋው ተንጠልጥሎ፣ ለሃጩ ይዝረከረክ ይሆን? እግሩ ይጎተት ይሆን? እነዚህ ሁሉ የበሽታው ምልክቶች ናቸው። በ11ኛው ቀን ውሻው ሳህኑን ጠራርጎ በልቶ ጅራቱን ሲወዘውዝ አገኘሁት። ተቀምጬ አለቀስሁ።

ጎረቤታችንም ቁስሉ ሲታጠብ ቆሞ አይቷል። «ይህን ያህል እንደ ገባ አላወቅሁም» አለ። ውሻውን ለሌላ ሰው እንዲሰጥ ስንለምነው አላንገራገረም። ወደ ታቦር ተራራ ግድም ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እናት፣ ቁስሉ ከዳነና ከተከተበ በኋላ ተረከቡት። ስሙንም «መቻል» አሉት። ዛሬ ሳይታሰር ግቢያቸውን ይጠብቃል። አባቶቻችን «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ያሉት ይህንኑ ነው፤ የሚጮኸው ለሚያበላው እንጂ ለሚያስርበው አይደለም።

እርስዎም እንዲህ ያለ ውሻ በሰፈርዎ ቢያዩ የሚከተለውን ያስታውሱ። ልጆችዎ በፍጹም እንዳይነኩት ይንገሯቸው፤ የቆሰለ ውሻ የሚወደውንም ሰው ይነክሳል። በዓለም ላይ በእብድነት በሚጠረጠሩ እንስሳት ከሚነከሱት ሰዎች ከአሥሩ አራቱ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች ነው። ባለቤቱን በጨዋ አንደበት ያነጋግሩ፤ እምቢ ካለ በሽማግሌ ወይም በዕድር ዳኛ ያስነግሩ። በእንስሳት ላይ ጭካኔ መፈጸም በአገራችን የወንጀል ሕግም የሚያስቀጣ ነው። ሽቦ ወይም ቁስል ካለ ለእንስሳት ሐኪም ይተዉት። ውሻውን የሚረከበው ሰው የታጠረ ግቢና በየቀኑ የሚሰጠው ምግብና ውሃ እንዳለው በዓይንዎ ሳያዩ አይስጡ። ውሻው ሰው ነክሶ ከሆነ 10ሩ ቀን ሳይሞላ ለሌላ አይተላለፍ። ከዚያ በኋላ ይከተብ፤ የተከተበበት ወረቀትም አብሮት ይሂድ።

ለብዙ ዓመታት በከተሞቻችን ባለቤት የሌላቸውን ውሾች በመርዝ ማስወገድ እንደ መፍትሔ ሲቆጠር ኖሯል። ነገር ግን በሞቱት ቦታ ያልተከተቡ ሌሎች ይተካሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው፣ በሽታው የሚገታው ከውሾቹ 70 በመቶ ያህሉ ሲከተቡ ነው። በባሌ ተራሮች የሆነው ለዚህ ማስረጃ ይሆነናል። እ.ኤ.አ. በ2003 መጨረሻ የእብድ ውሻ በሽታ ከመንደር ውሾች ወደ ቀይ ቀበሮዎች ተዛምቶ፣ በወብ ሸለቆ ከነበሩት ከአራት እጅ ሦስቱን ያህል ፈጅቷል። በዓለም ላይ ከአገራችን በቀር የትም የማይገኘውን ይህን እንስሳ ለማዳን እስካሁን ከሚሠራው ዋነኛ ሥራ አንዱ የአርብቶ አደሩን ውሾች መከተብ ነው። አንድ ያልተከተበ ውሻ ጉዳቱ ከባለቤቱ አጥር አልፎ እስከየት እንደሚደርስ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የልጄ እጅ ላይ ዛሬም ትንሽ ጠባሳ አለች። የመቻል አንገት ዙሪያም ፀጉር ያላበቀለ መሥመር ቀርቷል። ሁለቱም ባልቀሩ ነበር፤ ከወራት በፊት አጥሩን አንኳኩቼ አንድ ቃል ብናገር ኖሮ። ስለዚህ ነገ ከሥራ ሲመለሱ ያ ውሻ ሲያላዝን ከሰሙ፣ ልጅዎ ከመግባቱ በፊት እርስዎ ያንኳኩ።