የደረቀ አፍ፦ አነቃቂ ዕፆች ጥርስን የሚጎዱበት መንገድ

ሜታምፌታሚን የተባለውን አነቃቂ ዕፅ ለዓመታት የወሰደ ሰው ጥርስ በተለየ ሁኔታ ይቦረቦራል። ጉዳቱ በአብዛኛው የሚጀምረው በድዱ ጠርዝ፣ ጉንጭና ከንፈር በሚነኩት ለስላሳ ገጽ ላይና በፊት ጥርሶች መሀል ነው። መጀመሪያ ነጣ ያለ ነጥብ ይታያል፤ ቆይቶ ቡናማ ይሆናል፣ ይጠቁራል፤ በመጨረሻም ጥርሱ ከድዱ እኩል ተሸርፎ ሥሩ ብቻ ይቀራል። በሎስ አንጀለስ 571 ተጠቃሚዎችን መርምሮ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከመቶው 96ቱ ጥርሳቸው በመቦርቦር እንደተጎዳ፣ 58ቱ ያልታከመ የተቦረቦረ ጥርስ እንዳላቸው፣ 31ዱ ደግሞ ስድስትና ከዚያ በላይ ጥርስ እንዳጡ አሳይቷል። ይህን ያየ ሰው «ኬሚካሉ ጥርሱን በላው» ቢል አይፈረድበትም። ማስረጃው ግን ወደዚያ አይወስድም። ጥርስን የሚያቃጥለው የዕፁ ጭስ ቢሆን ኖሮ ከሁሉ የሚከፉት አጫሾቹ በሆኑ ነበር። ተመራማሪዎች ሲያነጻጽሩ ያገኙት ግን ዕፁን በመርፌ የሚወስዱት ከአጫሾቹ ይበልጥ ጥርስ ማጣታቸውን ነው። ዕፁ አፍ ሳይነካ ጥርስ ከረገፈ፣ ጉዳቱ የሚያልፍበት ሌላ መንገድ አለ ማለት ነው።

ያ መንገድ በዋናነት ምራቅ ነው። ጤነኛ ሰው በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ምራቅ ያመነጫል። ምራቅ ምግብ ከማራሱ ባሻገር ባክቴሪያዎች ከስኳር የሚሠሩትን አሲድ ያረክሳል፤ በውስጡ ያለው ካልሲየምና ፎስፌትም የተሸረሸረውን ኢናሜል፣ ማለትም የጥርሱን ጠንካራ ሽፋን፣ መልሶ ይጠግናል። አነቃቂ ዕፅ ሰውነትን ለሽሽት ወይም ለጠብ እንደተዘጋጀ ያህል ሲወጥረው ምራቅ ያንሳል፣ የቀረውም ይወፍራል። የሜታምፌታሚን ኃይል ደግሞ ግማሽ ቀንና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። አፉ የደረቀበት ሰው ይጠማዋል፤ የሚያነሳው ብዙ ጊዜ ስኳር የበዛበት ለስላሳ መጠጥ ነው። ሌሊቱን ሙሉ አንድ ጠርሙስ በትንሽ በትንሹ ሲጎነጭ፣ እያንዳንዱ ጉንጭ የአፉን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ኢናሜል መሟሟት ከሚጀምርበት ከ5.5 ገደማ በታች ያወርደዋል፤ የሚያረክሰው ምራቅም የለም። በዚህ ላይ መንጋጋ ይቆለፋል፣ ጥርስ ይፋጫል፣ የላላው ኢናሜል ይሰነጠቃል። እንቅልፍና ምግብ ለተረሱባቸው ቀናት ብሩሽም ይረሳል።

ሌሎቹ ዕፆች የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። ኮኬይን ድድ ላይ ሲታሽ የደም ሥሮችን አጥብቦ ሥጋውን ያቆስላል፤ በአፍንጫ ለረጅም ጊዜ ሲሳብ ደግሞ ላንቃን እስከ መብሳት ይደርሳል፤ ያኔ የተጠጣው ውሃ በአፍንጫ ይወጣል፣ ንግግርም ይበላሻል። ለኛ ይበልጥ የሚቀርበው ጫት ነው። በለጋ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚዛመድ አነቃቂ ነው፤ ኃይሉ ግን ከሜታምፌታሚን በእጅጉ ያነሰ ስለሆነ ሁለቱን እኩል ማስፈራሪያ ማድረግ ሐሰት ነው። ጫት ቃሚዎች «ቅጠሉ ጥርስ ያጸዳል» ይላሉ፤ ንግግሩም ከባዶ የመጣ አይደለም። ማኘክ ምራቅ ያመነጫል፤ ስለ ጥርስ መቦርቦር የተደረጉት ጥናቶችም አንድ ዓይነት ውጤት አልሰጡም። ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየው ቅጠሉ ለሰዓታት ታጭቆ በሚውልበት በአንዱ ጉንጭ በኩል ነው፦ ድዱ ይሸሻል፣ የጥርሱ ሥር ይጋለጣል፣ የጉንጩ የውስጥ ቆዳ ነጥቶ ይወፍራል። ከዚያ ምሬቱን ለማጥፋት የሚቃመው ስኳርና የሚጠጣው ለስላሳ፣ ምርቃናውን ለመስበር የሚከተለው ጨብሲ የሚባለው የአልኮል መጠጥ አለ። አፍ ሲደርቅ ስኳር ማብዛት እዚህም ያው ነው።

«እንዲህ ከሆነ ጥፋተኛው ዕፁ ሳይሆን ድህነት፣ ስኳርና ቸልተኝነት ነው» የሚል ሰው ይኖራል። የሕክምና ገንዘብ የሌለው ሰው ጥርሱ ቶሎ እንደሚያልቅ እሙን ነው። ግን ምራቁን ያደረቀው፣ ጥማቱን ያመጣው፣ መንጋጋውን የቆለፈው ዕፁ ነው፤ ቸልተኝነት የምንለውም በከፊል የሱሱ ምልክት ነው። ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ «ሱሱን ሳይተው ጥርሱን ማከም ገንዘብ ማባከን ነው» የሚለው ነው። ሰው ሠራሽ ጥርስን የመሰለ ውድ ሥራ ጊዜ መምረጡ አግባብ ነው። ሕመም ማስታገስ፣ ፍሎራይድ መቀባት፣ ለስላሳውን በውሃ መተካት ግን ሱሱ እስኪለቅ የሚጠብቅ ነገር አይደለም። በዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ሥራ፣ የተሟላ የጥርስ ሕክምና ያገኙ የሱስ ታካሚዎች በሱስ ሕክምናው ውስጥ ካላገኙት በእጥፍ ገደማ ቆይተዋል። ከመጀመሪያውም ብርቱ ፍላጎት የነበራቸው ናቸው ጥርሳቸውን የታከሙት ማለት ይቻል ይሆናል፤ ያም ሆኖ ልዩነቱ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። አፉን በእጁ ሸፍኖ የሚናገር ሰው ሥራ ለመጠየቅ እንዴት ይደፍራል?

ለዚህ ነው የረገፈ ጥርስን ለማስፈራሪያ የሚያሳዩ ዘመቻዎችን የማልደግፈው። በ2004 እ.ኤ.አ. ከኦሪገን ግዛት ተነስቶ የሜታምፌታሚን ተጠቃሚ ታሳሪዎችን የቀድሞና የኋላ ፊት እያሳየ የተሰራጨው የፎቶ ዘመቻ ወጣቱን ያስጠነቅቃል ተብሎ ነበር፤ ሱስ የያዘውን ሰው ግን የሚያሳፍረው ነው። ያፈረ ሰው ደግሞ ለሐኪሙ እውነቱን አይናገርም። ዕፁን በቅርብ ሰዓታት የወሰደ ታካሚ አድሬናሊን ያለበት ማደንዘዣ ቢወጋ የደም ግፊቱ ድንገት ሊያሻቅብ፣ የልብ ምቱም ሊዛባ ይችላል። ሐኪሙ መርፌውን ከማንሳቱ በፊት «ዛሬ ወይም ትናንት የወሰድከው ነገር አለ?» ብሎ በተረጋጋ ድምፅ መጠየቅ፣ መልሱንም ሳይቆጣ መስማት አለበት።