የሐይቅ ጭቃ ምን ይዟል?

ከአዳማ ተነስቶ በሞጆ በኩል ወደ ሐዋሳ የሚወርድ መንገደኛ በአንድ ጉዞ ቆቃን፣ ዝዋይን፣ ላንጋኖን፣ አቢጃታንና ሻላን ያልፋል። ዓይኑ የሚያርፈው ውኃው ላይ፣ ወፎቹ ላይ፣ ቢበዛ መንገድ ዳር ለሽያጭ የተሰቀለው ዓሣ ላይ ነው። ጭቃውን ልብ የሚል የለም። የአየር ንብረት ለውጥ ሲነሣም ካርቦን ያዥ ተብሎ የሚወደሰው ዛፍ ነው፤ በየክረምቱ ችግኝ ትከሉ እንባላለን እንጂ ጨፌውን አታድርቁ የሚል ቅስቀሳ እምብዛም አይሰማም።

በዓለም ደረጃ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። ለዘመናት የተከማቸ የዕፅዋት ቅሪት የሞላባቸው ረግረጎች ከምድር የብስ 3 በመቶ ገደማ ብቻ ይሸፍናሉ፤ በሥራቸው የያዙት ካርቦን ግን በዓለም ደኖች ሁሉ ዛፎች ውስጥ ካለው ይበልጣል። የስምጥ ሸለቆው ረግረግ እንደ ሰሜኑ ዓለም ወፍራም ባይሆንም የሚሠራበት ሕግ ያው ነው።

ሕጉ ይህ ነው። ደንገል፣ ፊላም ሆነ አልጌ ሲያድግ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ወይም ከውኃ ይስባል። ሲሞት ባክቴሪያና ፈንገስ ይበሉታል፤ እየበሉም ኦክስጅን ይተነፍሳሉ፤ ካርቦኑ ተመልሶ አየር ይሆናል። ውኃ የጠገበ ጭቃ ውስጥ ግን ኦክስጅን ከላይኛዎቹ ጥቂት ሚሊሜትሮች በታች ብዙውን ጊዜ አይዘልቅም። በኮባ ተጠቅልሎ፣ አየር እንዳይገባው ተጭኖ ጉድጓድ ውስጥ የተቀበረ ቆጮ ለዓመታት የሚቆየው ለዚህ ነው፤ ጉድጓዱ ተከፍቶ ከተተወ ይበላሻል። የሐይቅ ዳር ጭቃም የተዘጋ ጉድጓድ ነው። መበስበሱ አይቆምም፤ ይንቀረፈፋል። በየዓመቱ ከሚበሰብሰው የሚገባው በጥቂቱ ስለሚበልጥ ያቺ ጥቂት ትርፍ እየተደራረበች በሺህ ዓመታት ሜትሮች ትሆናለች።

በፊላ መካከል ገብቶ ጭቃውን የረገጠ ሰው የዚህን ሂደት ሌላ ገጽታ ያያል፤ ከእግሩ ሥር አረፋ ይወጣል፣ የተበላሸ እንቁላል ሽታ ይከተላል። የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው። ከአረፋው አብዛኛው ግን ምንም ሽታ የሌለው ሚቴን ሊሆን ይችላል፤ ኦክስጅን በሌለበት የሚኖሩ ጥቃቅን ነፍሳት የሚያመነጩት ጋዝ ነው። ሚቴን በ100 ዓመት ሲሰላ ሙቀትን በማመቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 ጊዜ ገደማ ይብሳል። ስለዚህ ረግረግ ማለት ካርቦን ያዥ ብቻ ነው የሚል ሰው ግማሹን ነው የተናገረው። ገቢና ወጪው አብሮ ካልተመዘነ ሒሳብ አይባልም።

የውኃ አረንጓዴነትም ካርቦን ለመቀመጡ ማስረጃ አይሆንም። ቢሾፍቱ አጠገብ ባለው አረንጓዴ ሐይቅ ላይ ጃክ ታሊንግ፣ ዉድ፣ ፕሮሰርና ባክስተር ጥናት አድርገው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1973 አሳትመው ነበር። ያገኙት የአልጌ የፎቶሲንተሲስ ፍጥነት ጉድ የሚያሰኝ ስለነበር ጽሑፋቸው የቀረበው በውኃ ውስጥ ፎቶሲንተሲስ ሊደርስበት የሚችለው ጣራ የት ነው በሚል ጥያቄ ሥር ነው። ውኃውን እንደ ቀለም ያወፈረው ስፒሩሊና የተባለው ጥቃቅን ዘአካል ነበር። ነገር ግን ቀን ካርቦን የሚስበው ያው አልጌ ሌሊት ራሱ ይተነፍሳል፤ ከሳበው ብዙው ጎህ ሳይቀድ ይመለሳል። በዚያው ጥናት የተካተተው ጎረቤቱ ኪሎሌ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1989 የሞጆ ወንዝ ለመስኖ ተጠልፎ ሲገባበት ጨዋማነቱ ቀነሰ፤ ስፒሩሊናውም ጠፋ። አንድ ቦይ የአንድን ሐይቅ ጠባይ ምን ያህል እንደሚቀይር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በአካባቢው ያለ አይመስለኝም።

ካርቦን በእርግጥ የሚቀመጠው ኦክስጅን በማይደርስበት ታች ነው። የቢሾፍቱ ሐይቆች የእሳተ ገሞራ አፍ ላይ የተኙ ጥልቅ ሐይቆች ስለሆኑ ላይኛው ሞቃት ውኃ እንደ ክዳን ይተኛል፤ ታችኛው ኦክስጅን አልቆበት ይቆያል። ብርድ በሚበረታባቸው የኅዳር፣ የታኅሣሥና የጥር ሌሊቶች ላይኛው ውኃ ይቀዘቅዝና ከታችኛው ጋር ይደባለቃል፤ አንዳንዴ ዓሣው በድንገት አልቆ ዳር ላይ የሚገኘውም በዚህ የተነሣ ነው። ዝዋይ ተቃራኒው ነው። አማካይ ጥልቀቱ 2.5 ሜትር ገደማ ብቻ በመሆኑ ነፋስ እስከ ወለሉ ያናውጠዋል። እንዲህ ያለ ሐይቅ መሐል ላይ የሚያርፈው ቅሪት ደጋግሞ ስለሚነሣ ደህና ካርቦን የሚጠበቀው በዳርቻው ደንገልና ፊላ ሥር ነው፤ ለእርሻ ተብሎ መጀመሪያ የሚመነጠረውም ያ ዳርቻ ነው።

ይህን ሁሉ እንዴት ይለኩታል? አንዱ መንገድ ሻይ መቅበር ነው። ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ በሆነው ዘዴ ሁለት ዓይነት ከረጢት ሻይ፣ አረንጓዴ ሻይና ከደቡብ አፍሪካ የሚመጣው ቀዩ ሮይቦስ፣ ተመዝነው በ8 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይቀበራሉ። ሦስት ወር ገደማ ቆይተው ይወጣሉ፤ ጭቃው ይራገፋል፣ ይደርቃሉ፣ እንደገና ይመዘናሉ። የከረጢቱ ቀዳዳ ደቂቅ ስለሆነ ባክቴሪያ ይገባል፣ ትልና ቀንድ አውጣ አይገቡም። አረንጓዴው ቶሎ ይበሰብሳል፣ ሮይቦሱ ጠንካራ ነው፤ ከሁለቱ የክብደት ጉድለት መበስበሱ ምን ያህል እንደሚፈጥንና ከቅሪቱ ምን ያህሉ ሳይፈርስ እንደሚተርፍ ይሰላል። የውሽውሽ ሻይ ለምን አይሆንም የሚል አገር ወዳድ ቢነሣ መልሱ ቀላል ነው፤ ፊንላንድም ሆነ መቂ የተቀበረው አንድ ዓይነት ካልሆነ ማነጻጸር አይቻልም። ከብዙ መሣሪያ ይልቅ ሚዛንና ትዕግሥት ስለሚጠይቅ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም ሊሠሩት ይችላሉ። ዝዋይ ዳር ውኃ በተኛበት ፊላ ውስጥ፣ ከብት በሚግጥበት ጨፌ ላይና ተንጣፍፎ ሽንኩርትና ቲማቲም በተተከለበት ማሳ ላይ ጎን ለጎን ቢቀበር፣ ውኃው ሲወጣ መበስበሱ እንዴት እንደሚቀየር ከመምህር ገለጻ ይልቅ ሚዛኑ ይናገራል።

ሻይ ግን ደንገል አይደለም፤ ሦስት ወርም ሺህ ዓመት አይሆንም። ለረጅሙ ጊዜ ጭቃው ውስጥ ቱቦ ሰድዶ እንደ ዱላ የረዘመ ናሙና ማውጣት ያስፈልጋል። ናሙናው ይቆራረጣል፣ ይደርቃል፣ ይመዘናል፣ በ550 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይቃጠላል፣ አመዱ እንደገና ይመዘናል። የጎደለው ሕያው የነበረው ነገር ነው፤ ከእሱም ግማሽ ገደማው ካርቦን ነው። የአቢጃታ ወለል በዚህ ረገድ መዝገብ ነው። ፍራንሷዝ ጋስና ፍራንሷዝ ሻሊየ እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙት ጥናት ከ12 ሜትር በላይ ከሚረዝም ናሙና የ13,500 ዓመት ታሪክ አንብቧል። ሲካፈል በዓመት አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አቢጃታና ሻላ አንድ ትልቅ ሐይቅ ሆነው ወደ አዋሽ ይፈስሱ የነበረበት ዘመን በዚያ ጭቃ ውስጥ አለ።

እንዲህ በዝግታ የተቀመጠው በፍጥነት ሊወጣ ይችላል። አቢጃታ ከእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ ወዲህ ከስፋቱ ግማሽ ገደማውን አጥቷል። ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ የሚመጣለት ውኃ ለመስኖ ቀነሰ፤ ከራሱም ለሶዳ አሽ ማምረቻ ተቀዳ። (ሶዳ አሽ ራሱ የካርቦኔት ጨው ነው፤ ፋብሪካው የሚያመርተው በሐይቁ የሟሟ ካርቦን ነው ማለት ይቻላል። ይህ ካርቦን ግን ጭቃው ውስጥ እንደተቀበረው የዕፅዋት ቅሪት አይደለም።) ዓሣው ጠፋ፤ ሻላ ደሴት ላይ የሚራቡት ይብራዎች (ፔሊካኖች) ምግባቸውን ፍለጋ እስከ ዝዋይ መብረር ግድ ሆነባቸው። ውኃው የሸሸበት ጭቃ ደግሞ ይሰነጠቃል፣ አየር ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት ወደ 200 በሚጠጉ የደረቁ የሐይቅ፣ የኩሬ፣ የወንዝና የግድብ ወለሎች ላይ ለክቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚለቁ አሳይቷል። ስለ አቢጃታ ሲወራ ፍላሚንጎና ሶዳ ብቻ መነሣቱ ጉዳቱን ያሳንሰዋል ባይ ነኝ።

ተቃራኒው አዳማን አልፎ ወደ መተሐራ ሲሄዱ ይገኛል። በሰቃ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ አሁን ከ40 በልጧል፤ የግጦሽ መሬት ውጦ መንገድና ሐዲድ አስቸግሯል። አዋሽ ላይ እ.ኤ.አ. በ1960 የተጠናቀቀው የቆቃ ግድብም የብስን በውኃ ሸፍኗል። ውኃ በየብስ ላይ ሲተኛ ከሥሩ ያለው ሣርና ቁጥቋጦ አየር አጥቶ ይበሰብሳል፤ ሚቴን ይወጣል። የውኃው ጨው መብዛት ሚቴኑን ሊቀንሰው ይችላል፤ ስለዚህ ጨዋማው በሰቃና ጣፋጩ ቆቃ በአንድ ቁጥር አይሰሉም።

ቆቃ ሌላም ጉዳይ አለበት። እምቦጭ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የታየው እዚያና በአዋሽ ላይ እ.ኤ.አ. በ1965 ነው፤ ዛሬ ዝዋይንም ይዟል። ምቹ ጊዜ ካገኘ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። እንዲህ የሚያድግ ተክል ካርቦን ይስባል ብሎ የሚከራከር አይጠፋም። ሲሞት ግን ወደ ታች ሰምጦ የውኃውን ኦክስጅን ይጨርሳል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሚቴን ነው። ነቅሎ ዳር ላይ መከመርም ብቻውን አይበቃም፤ ክምሩ ከውስጥ አየር ያጣል፣ ዝናብ ሲመጣም ንጥረ ነገሩ ታጥቦ ወደ ሐይቁ ይመለሳል። ከውኃው ራቅ አድርጎ እያገላበጡ ኮምፖስት ማድረግ ይሻላል። ወይም ከእበት ጋር ተቀላቅሎ ባዮጋዝ ማብላያ ይገባል፤ ጭቃው ውስጥ የሚሠሩት ዓይነት ነፍሳት እዚያም ሚቴን ያመነጫሉ፣ ጋዙ ምድጃ ላይ ሲነድ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውኃ ይለወጣል፣ ዝቃጩም ለማሳ ማዳበሪያ ይሆናል።