ክንዱ ይሸፈን እንጂ አይታሰር!

የገና በዓል ሲደርስ በባህር ዳርና በጣና ዙሪያ ገጠሮች ጎረምሳው ጫፉ የተቆለመመ ዱላውን ይዞ ሜዳ ይወጣል፡፡ በዚያ ሜዳ ጌታና ሎሌ እኩል ነው፤ ሩሯም ዱላውም ሰው አይመርጡም፡፡ ክንዱን ሸፍኖ የሚገባ ግን አይታይም፡፡

የገና ዘመድ በሆነው የሜዳ ሆኪ ነገሩ ሌላ ነው፡፡ ኳሱ ጠንካራ ሲሆን ክብደቱ ከ156 እስከ 163 ግራም ነው፡፡ ጎበዝ መቺ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ያስወነጭፈዋል፡፡ ከመምቻው ክልል ጠርዝ እስከ ግቡ 14.63 ሜትር ነው፤ ስለዚህ በረኛው ያለው ጊዜ ግማሽ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው!

የዓለም አቀፉ ህግ በረኛው ቢያንስ የራስ ቁር፣ የእግር መከላከያና የጫማ ሽፋን እንዲያደርግ ያስገድዳል፡፡ ክንዱን መሸፈን ግን ለራሱ የተተወ ነው፡፡

ታዲያ የቱ ይሻላል? አንዳንዱ ክርኑን ብቻ ይሸፍናል፡፡ ይሄ ቀላል ነው፣ እጅ እንደልብ ይወናጨፋል፤ ግን ከክርን በላይና በታች ያለው አጥንት ለኳሱ ይጋለጣል፡፡ ሌላው ከትከሻ እስከ አንጓ የሚደርስ ወፍራም ስፖንጅ ያጠልቃል፡፡ ምቱ አያመውም፣ ነገር ግን ክርኑ ላይ ካልታጠፈለት እጁ እንደ ግንድ ይደርቅና ከላይ የመጣችውን ኳስ ቆሞ ያያታል፡፡ መሃለኛው መንገድ የላይኛውና የታችኛው ክንድ ለየብቻ ተሸፍኖ ክርኑ ላይ እንደ ማጠፊያ የሚታጠፈው ነው፡፡

ሽፋን ቀንሶ ፍጥነት አገኛለሁ ማለትም ሁልጊዜ አያዋጣም፡፡ አንዴ ክንዱን የተመታ በረኛ በሚቀጥለው ኳስ እጁን ይሰበስባል፡፡ ፍርሃትም ከስፖንጅ በላይ እጅ ያስራል፡፡

መሞከሪያው ቀላል ነው፡፡ ለብሶ ሁለቱን እጅ ከራስ በላይ መዘርጋት፣ ትከሻን በተቃራኒ እጅ መንካት፣ መሬት ላይ ወድቆ ቶሎ መነሳት፡፡ ከጎተተ ወይም ከተንሸራተተ ልኩ አይደለም፡፡ እንደ ባህር ዳር ባለ ሞቃት ከተማ ደግሞ ስፖንጁ ላብ ጠጥቶ ይከብዳል፤ ከልምምድ በኋላ ነፋሻ ጥላ ላይ ማድረቅ ያስፈልጋል፡፡

ይህ ለገናችንም ይጠቅማል ባይ ነን፡፡ በክንዱ ለሚያርስና ለሚቀዝፍ ልጅ የክንድ ስብራት የእንጀራ ጉዳይ ነው፡፡ በበዓሉ ቀን ባይሆን እንኳ በውድድር ጊዜ አንድ ቀላል የክርን ሽፋን ጨዋታውን አያበላሸውም፡፡