ነፋሱ አስቀድሞ ተነግሮ ነበር፤ ማስጠንቀቂያው ለማን ደረሰ?

 የዛሬው ትንታኔያችን ስለ ነፋስ ነው። ነፋስ ደግሞ ምን ያነጋግራል የሚል ካለ፣ የ2017ን የገና በዓል በሎስ አንጀለስ ያሳለፈ ሰው ይጠይቅ። ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 7 ቀን 2025 መሆኑ ነው፣ ጠዋት በፓስፊክ ፓሊሴድስ፣ ማታ ደግሞ በአልታዲና አጠገብ እሳት ተነሣ። ሁለቱ ቃጠሎዎች ከ16 ሺህ በላይ ቤቶችንና ሕንፃዎችን አወደሙ፤ 31 ሰዎች ሞቱ። በማግስቱ በሆሊውድ ኮረብታ የተነሣው እሳት በፌርፋክስ ካለው ሊትል ኢትዮጵያ የሚርቀው ከ10 ኪሎ ሜትር በታች ነበር።

እሳቱን ያጋጋለው ነፋስ ሳንታ አና ይባላል። የሚበረታው ከኦክቶበር እስከ ማርች ነው። በኔቫዳና በዩታ ከፍተኛ በረሃዎች ላይ ቀዝቃዛና ከባድ አየር ይከማቻል። በባሕሩ ዳርቻ ያለው የአየር ግፊት ዝቅ ሲል፣ ያ አየር ተራሮቹን ተሻግሮ ወደ ፓስፊክ ይጎርፋል። ቁልቁል ሲወርድ ስለሚታመቅ በየ1 ሺህ ሜትሩ 10 ዲግሪ ያህል ይሞቃል፤ ይደርቃልም። ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት የወረደ ሰው ሙቀቱ እንዴት እንደሚለወጥ ያውቀዋል። በጠባብ ሸለቆዎች ሲያልፍ ደግሞ ፍጥነቱ ይጨምራል። በዚያ ላይ ከተማዋ ለስምንት ወራት ያህል ይህ ነው የሚባል ዝናብ ስላላገኘች፣ ሣሩና ቁጥቋጦው ጭድ ሆኖ ነበር።

ታዲያ ይህ ሁሉ ድንገተኛ ነበር? አልነበረም። የአሜሪካ ብሔራዊ የአየር ትንበያ አገልግሎት በዋዜማው፣ በተራሮቹና በግርጌያቸው በሰዓት እስከ 160 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ነፋስ እንደሚጠበቅ ተናግሮ፣ አልፎ አልፎ ብቻ የሚጠቀምበትን ከፍተኛ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር።

ችግሩ ከትንበያው በኋላ ባለው ሰንሰለት ላይ ነው። ነፋሱን የሚተነብየው የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ነው፤ ሕዝቡን «ውጡ» የሚለው ግን የአካባቢው አስተዳደር ነው። የአልታዲናው እሳት የተነሣው ከምሽቱ 12 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነበር። ለምዕራብ አልታዲና የመውጫ ትእዛዙ የተላለፈው ከሌሊቱ 9 ሰዓት በኋላ ነው። በዚያ ቃጠሎ ከሞቱት 19 ሰዎች አብዛኞቹ የዚያ ሰፈር ነዋሪዎች ነበሩ። ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያ በስሕተት ለመላው ካውንቲ፣ ማለትም ወደ 10 ሚሊዮን ለሚጠጋ ሕዝብ ተላከ። ለአንዱ ዘግይቶ፣ ለሌላው ያለ ቦታው የሚደርስ ማስጠንቀቂያ እምነት ያሳጣል።

የቋንቋም ጉዳይ አለ። የትንበያ አገልግሎቱ ማስጠንቀቂያዎቹን ወደ ስፓኒሽ፣ ቻይንኛ፣ ቬትናምኛ፣ ፈረንሳይኛና ሳሞአኛ ሲያስተረጉም ቆይቷል። ያም ቢሆን በኤፕሪል 2025 ውል በማለቁ ለሳምንታት ተቋርጦ ነበር። አማርኛ ከነዚህ ውስጥ አልነበረም።

ስለዚህ በክሬንሾውም ሆነ በሌላው የሎስ አንጀለስ ሰፈር የምትኖሩ ወገኖች፣ ሁለት ቃላት ለይታችሁ ያዙ፤ እንግሊዝኛ ለማያነቡ እናቶችና አባቶችም አስረዷቸው። ስልካችሁ ላይ «ኢቫኩዌሽን ዋርኒንግ» ሲመጣ ተዘጋጁ ማለት ነው፤ አረጋውያን፣ ሕሙማን ወይም ሕፃናት ያሉበት ቤት ግን ያኔውኑ ይውጣ። «ኢቫኩዌሽን ኦርደር» ሲል አሁኑኑ ውጡ ማለት ነው። የካውንቲው የስልክ መልእክት እንዲደርሳችሁ «አለርት ኤልኤ ካውንቲ» ላይ ተመዝገቡ። «ሬድ ፍላግ» በታወጀበት ቀን መኪናችሁ ነዳጅ ይኑረው፣ ፓስፖርትና መድኃኒት በአንድ ቦርሳ ይሁን። ትእዛዙ ቢዘገይ እንኳ ጢሱንና ነፋሱን አይታችሁ ውጡ።

ጥያቄው አገር ቤትንም ይመለከታል። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ከባድ ዝናብ ሲተነብይ፣ በአዋሽና በባሮ ዳር ለሚኖረው ገበሬ ቃሉ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ቋንቋ ይደርሰዋል? ሥልጣን የያዘ ሁሉ ሊመልሰው የሚገባው ይህንን ነው።