ቡናና አቦል፤ የከዋክብትና የፕላኔቶች አፈጣጠር ቃላት በአማርኛ

ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት የተመሠረተበትን 100ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ፥ ከ110 ለሚበልጡ አገሮች ለእያንዳንዳቸው አንድ ኮከብና በዚያ ኮከብ ዙሪያ የምትዞር አንዲት ፕላኔት እንዲሰይሙ ዕድል ሰጥቶ ነበር። ስያሜዎቹ ይፋ የሆኑት በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ነው። በኢትዮጵያ ስም የወጡት ሁለት ቃላት «ቡና» እና «አቦል» ናቸው፤ ቡና ኮከቡ ነው፥ አቦል ፕላኔቷ ናት።

ቡና በአንድሮሜዳ የከዋክብት ስብስብ አቅጣጫ፥ ከእኛ 200 የብርሃን ዓመት ያህል ርቆ ይገኛል፤ ያለ መሣሪያ አይታይም። አቦል በፊት በፊደልና በቁጥር ብቻ የምትታወቅ ነበረች። መኖሯ የታወቀው የኮከቡን መወዛወዝ በመለካት ሲሆን፥ ግኝቱ የወጣው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2009 ነው። ክብደቷ ከጁፒተር ከአራት እጥፍ ይበልጣል። ኮከቧን አንድ ጊዜ ለመዞር 990 ቀን ያህል ይፈጅባታል፤ ምሕዋሯም እጅግ ሞላላ ነው።

ስያሜው በጅማ፥ በአጋሮና በሊሙ ገነት ልዩ ጥቅም አለው። «ቡና» በአማርኛም በኦሮምኛም ቡና ነውና፥ ቃሉ አስተርጓሚ አያሻውም። «አቦል» ግን ጥያቄ ያስነሣል። አቦል፥ ቶናና በረካ የመቀዳት ተራ ስሞች ናቸው። ሊቃውንቱ ፕላኔቶችን በፊደል ሲሰይሙ ደግሞ የመጀመሪያዋን ፊደል ለኮከቡ ትተው፥ አስቀድማ የተገኘችውን ፕላኔት በሁለተኛዋ ፊደል ይጠራሉ። እንግዲህ በእነርሱ ዘንድ ሁለተኛዋን ፊደል የያዘችው በእኛ ዘንድ አንደኛ ሆናለች። ተርጓሚ ይህን ሳያውቅ ሁለቱን መዝገቦች ቢያስተያይ የቁጥር ስሕተት ያገኘ ይመስለዋል። ነገ ሌላ ፕላኔት ለኮከቡ ይበልጥ ቀርባ ብትገኝና «ቶና» ብትባል፥ ስሙ የግኝትን ተራ እንጂ የርቀትን ተራ አይነግረንም። እኔ ይህን እንደ ጉድለት አላየውም፤ የሊቃውንቱ ፊደልም የሚከተለው የግኝትን ተራ ነውና።

ስም ማውጣቱ ቀላሉ ሥራ ነው። የሚከብደው ኮከብና ፕላኔት እንዴት እንደሚፈጠሩ የሚገልጹትን ቃላት ማግኘቱ ነው። ኮከብ የሚፈጠረው እጅግ ቀዝቃዛ የሆነ የጋዝና የአዋራ ደመና በገዛ ስበቱ ወደ ራሱ ሲሰበሰብ ነው። አንዳንድ ተርጓሚ ይህን «የደመናው መፍረስ» ይለዋል። መፍረስ መጥፋትን ያስከትላል፤ እዚህ ግን የሚነገረው ልደት ስለ ሆነ አንባቢው ነገሩን በተቃራኒው ይረዳዋል። «ወደ ራሱ መሰብሰብ» ቢረዝምም ትክክል ነው። «አቧራ» ከማለትም «አዋራ» ይሻላል እላለሁ፤ በብዙዎች አነጋገር አዋራ በአየር ላይ የተነሣውን ያመለክታል፥ ኦሮምኛውም ከዚሁ የቀረበ ነው።

የሚሰበሰበው ነገር እየዞረ ስለሚወድቅ በአዲሱ ኮከብ ዙሪያ ጠፍጣፋና ክብ ሆኖ ይዘረጋል። ለዚህ «ዲስክ»፥ «ሣሕን» እና «ሰፌድ» የሚሉ ቃላት ይቀርባሉ። ሣሕን ጎድጓዳነትን ያሳስባል። በቡና አገር ሴቶች ቡና የሚያበጥሩበት ሰፌድ ግን ለስፋቱ ስስ፥ በቅርጹም ክብ ነው። የቤት ዕቃ ስም ለሰማይ አይገባም የሚል ተቃውሞ ይሰማል። ሚዛን የገበያ ዕቃ ሆኖ ሳለ በባሕረ ሐሳብና በኮከብ ቆጠራ መጻሕፍት ከአሰድና ከሸርጣን ጋር ተሰልፎ የኖረ ነውና፥ ተቃውሞው አያሳምነኝም። ሌላው ተቃውሞ ይበልጥ ይመዝናል፤ ሰፌድ ግትር ነው፥ የጋዙ ሰፌድ ግን በውስጥ በኩል ፈጥኖ፥ በውጭ በኩል ዘግይቶ ይዞራል። ይህንም ማብራሪያው ሊሸከመው ይችላል።

በሰፌዱ ውስጥ አዋራው ከጋዙ ተለይቶ ወደ መካከለኛው ንጣፍ ይወርዳል። ለዚህ አማርኛ «መስከን» የሚል የተዘጋጀ ቃል አለው፤ ጀበናው ከእሳት ወርዶ አተላው እስኪሰክን እንደሚጠበቀው ማለት ነው። ልዩነቱ አተላ ወደ ታች ብቻ ሲሰክን፥ አዋራው ከላይም ከታችም ወደ መካከል መስከኑ ነው። የሰከነው አዋራ እየተጣበቀ፥ ጠጠር፥ ቋጥኝ፥ በመጨረሻም ፕላኔት ይሆናል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2014 በቺሊ የአታካማ በረሃ ያሉት የራዲዮ አንቴናዎች፥ 450 የብርሃን ዓመት ያህል ርቆ በሚገኝ አንድ ለጋ ኮከብ ዙሪያ፥ እንደ ስፌት ዙር የተደረደሩ ቀለበቶችን በግልጽ አሳይተዋል። ሰፌድ ያልነው በከንቱ አይደለም።

በዚህ ዘርፍ የሚሠሩትን ሰዎች መጠሪያም ማረም ይገባል። «የድኅረ ዶክትሬት ዲግሪ» የሚባል ነገር የለም። ዶክትሬቱን የጨረሰ ሰው ለተወሰነ ዓመት ተቀጥሮ የሚያካሂደው ምርምር ስለ ሆነ፥ «የድኅረ ዶክትሬት ምርምር» ወይም «ድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪ» ማለት ይበቃል። ዲግሪ ብሎ የተረጐመ ሰው፥ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ማስታወቂያውን የሚያነብን ወጣት ለሥራ ሳይሆን ለትምህርት እንዲያመለክት ያደርገዋል።

የቀረው የጋዙ መጨረሻ ነው። ጋዙ በጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ከፊሉ በኮከቡ ላይ ይወድቃል፥ ከፊሉም በኮከቡ ብርሃን እየሞቀ ይበተናል። ለመበተኑ «ማንፈስ» የሚለውን ቃል አቀርባለሁ፤ ገለባው በነፋስ ሄዶ ፍሬው ይቀራልና። እንደ አቦል ያለች ግዙፍ የጋዝ ፕላኔትም ጋዟን ሰብስባ መጨረስ ያለባት ከዚህ መንፈስ አስቀድማ ነው።