የጓሮውን አትክልት መካፈል ቀላል ነው፤ አፈሩንስ?

በጋሞ ዞን ደጋና ወይና ደጋ ቀበሌዎች የአርሶ አደሩ ይዞታ ጠባብ ነው። አባወራው ለሽመና ወይም ለቀን ሥራ ወደ አርባ ምንጭና አዲስ አበባ በሄደባቸው ቤቶች፣ እንዲሁም አቅመ ደካማ አረጋውያን በሚኖሩባቸው ግቢዎች ጓሮው በወጉ ሳይለማ ክረምቱ ያልፋል። ከአጥሩ ማዶ ደግሞ መሬት ያልደረሰው፣ ጉልበቱ ግን ሙሉ የሆነ ወጣት ጎረቤት አለ። ጓሮ ያለውንና ጉልበት ያለውን አገናኝቶ ጎመን፣ ካሮትና ቀይ ሥር በጋራ ማልማት በካምባና መሰል አካባቢዎች ብዙ ወጪ የማይጠይቅ አማራጭ ነው።

መረዳዳቱ ለአርሶ አደሩ አዲስ አይደለም። በደቦ ይታረሳል፣ ከብት ለርቢ ይሰጣል፣ ማሳም የእኩል ይያዛል። የጓሮ አትክልት ግን ከእነዚህ የሚለይበት ባሕርይ አለው። ደቦ በቀኑ ያበቃል፤ ጎመን ግን ለወራት በየሳምንቱ ይለቀማል። ቦታው ደጃፍ ላይ በመሆኑም ጥቂት ቅጠል ያለ ፈቃድ ቢቀነጠስ ወዲያው ይታያል። በመሆኑም ከዘሩ በፊት መነጋገር ያስፈልጋል።

ለገበታ የሚሰጠው ጥቅም

እንሰት የአካባቢው የምግብ ዋስትና መሠረት ነው። ይሁንና ቆጮ ጉልበት ሰጪ እንጂ በፕሮቲንና በቫይታሚን ኤ የበለጸገ ምግብ አይደለም። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮትና ዱባ፣ በቆላው ደግሞ ሽፈራው ይህን ክፍተት ከሚሞሉት መካከል ናቸው። በ2007 ዓ.ም ይፋ የሆነው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር ለማስቀረት ያለመ ነው። በ2015 ዓ.ም በአርባ ምንጭ የተጀመረው የሌማት ትሩፋትም ወተት፣ እንቁላል፣ ዶሮና ማር በየቤቱ እንዲበዛ ትኩረት ሰጥቷል። ከወተቱና ከእንቁላሉ ጎን የጓሮ አትክልት ሲኖር ገበታው ይሟላል።

አዘራሩ ለአካፋፈል እንዲመች

በክረምት ውኃ እንዳይተኛ መደቡን ከመሬት ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ፣ ስፋቱንም ከሁለቱም ወገን እጅ እንዲደርስበት 1 ሜትር ገደማ መወሰን ይመከራል። ካሮት በመስመር መካከል 20፣ በተክል መካከል 5 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል፤ ጥቅል ጎመን 60 በ40 ሳንቲ ሜትር ይፈልጋል። ያልበሰለ ፍግ የካሮትን ሥር ስለሚያበላልጥ ለካሮት መደብ የበሰለ ብስባሽ ብቻ መጠቀም ይገባል። ቲማቲም በከባድ ዝናብ ወቅት በዋግ ስለሚጠቃ ለመጀመሪያ የጋራ ሥራ አይመረጥም።

አካፋፈሉ እንደ አትክልቱ ዓይነት ቢለያይ ጭቅጭቅ ይቀንሳል። ካሮት፣ ቀይ ሥርና ጥቅል ጎመን አንድ ጊዜ ስለሚሰበሰቡ ሁለቱም በተገኙበት ቆጥሮ ወይም መዝኖ መካፈል ይቻላል። የሀበሻ ጎመንና ቆስጣ ግን ቅጠላቸው እየተቀነጠሰ ስለሚበላ ቅጠል ቆጥሮ እኩል ማድረስ አይቻልም። ለእነዚህ የሚሻለው መደቡን ከመነሻው መክፈል ነው፤ ይህ መደብ የባለ ጓሮዋ፣ ያኛው የጎረቤቷ ብሎ። ያኔ የፈለገ ይብላ፣ የፈለገ ገበያ ያውጣ፤ ሌላው የሚጠይቀው የለም።

የሥራ ድርሻም ከወዲሁ ይለይ። ዘሩን ማን ይገዛል? አጥሩን ማን ያጥራል? የማን ዶሮና ፍየል ይታሰራል? ዝናብ ሲቋረጥ ውኃ የሚቀዳው ማነው? የእነዚህ መልስ ካልታወቀ የሥራው ጫና ቤት ውስጥ በምትውለው ሴት ላይ ይወድቃል።

ትልቁ ጥያቄ፦ አፈሩና ቋሚ ተክሉ

በጋራ ልማት ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያቀያይመው ብዙ ጊዜ ምርቱ ሳይሆን ከምርቱ በኋላ የሚቀረው ነገር ነው። ወጣቱ ክረምቱን ሙሉ ፍግ ተሸክሞ፣ ብስባሽ አዘጋጅቶ የደከመውን አፈር ያለማል። አፈሩ መልካም ፍሬ መስጠት የሚጀምረው ግን በቀጣዩ ወቅት ነው። ባለ ጓሮው ያኔ «መሬቴን መልስ» ቢል ወጣቱ ድካሙን ጥሎ ይወጣል። ይህን የፈራ ደግሞ ከመነሻው ፍግ አያወጣም፤ አፈሩም እንደተራቆተ ይቀራል። ስለዚህ ስምምነቱ ቢያንስ የክረምቱንና የቀጣዩን በልግ ምርት ቢያካትት፣ ወይም ብስባሽ ያወጣው ወገን በመጀመሪያው ምርት የተሻለ ድርሻ ቢያገኝ ፍትሐዊ ይሆናል።

የባለ ጓሮውም ስጋት ተገቢ ነው። ጎረቤት በመደቡ ጠርዝ እንሰት፣ ቡና ወይም ፍራፍሬ ከተከለ ተክሉ ለዓመታት ይቆያል፤ ከተክሉ ጋርም የይገባኛል ጥያቄ ያድጋል። መፍትሔው ግልጽ ነው፤ በጋራ ጓሮ የሚዘራው በአንድ ወቅት ደርሶ የሚነሳ አትክልት ብቻ ይሁን። ቋሚ ተክል የሚተክለው ባለ ይዞታው ነው።

በወረቀት ማስፈር

አዋጅ ቁጥር 456/1997 መሬት ሲከራይ በመሬቱ የመጠቀም መብት ያላቸው የቤተሰብ አባላት ሁሉ ስምምነት እንዲኖር፣ ውሉም ሥልጣን ባለው አካል እንዲመዘገብ ይጠይቅ ነበር። ይህን አዋጅ በ2016 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 1324 ተክቶታል። በመሆኑም ለክፍያ ወይም ለረዥም ጊዜ የሚደረግ ስምምነት አስቀድሞ በወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሊጣራ ይገባል። ለአንድ ወቅት አትክልትም ቢሆን አንድ ገጽ ወረቀት አይከብድም፤ የመደቡ ብዛት፣ የእያንዳንዱ ድርሻ፣ የሚያበቃበት ወርና የሁለት ምስክሮች ስም ይስፈርበት። ባል በሌለበት ሚስት፣ ሚስት በሌለችበት ባል ብቻውን መፈረሙ ኋላ ጠብ ያመጣል።

ጋሞ ጠብን በዱቡሻ ተቀምጦ፣ በሽማግሌ አፍ የመፍታት የቆየ ባህል አለው። ሽማግሌ ግን ምን እንደተባለ ሲያውቅ ይቀለዋል። በምስክር ፊት የተነገረ ቃል ለዱቡሻውም ማስረጃ ነው።

ከባለሙያና ከአመራር የሚጠበቀው

የልማት ጣቢያ ሠራተኞች በቤት ለቤት ጉብኝታቸው ያልለሙ ጓሮዎችንና መሬት አልባ ወጣቶችን ጎን ለጎን መመዝገብ ይችላሉ። ፈቃደኞችን ማገናኘትና ዘር ከመዘራቱ በፊት ስምምነቱን እንዲጽፉ ማገዝም ከእነርሱ ይጠበቃል። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ደግሞ የአትክልት ዘር ሲያከፋፍል «ስንት ጓሮ ለማ» ከሚለው ሪፖርት ጋር «ስንቱ በሁለተኛው ወቅትም ቀጠለ» የሚለውን ቢጠይቅ ሥራው የአንድ ክረምት ዘመቻ ሆኖ አይቀርም። የጋራ ጓሮ ስኬት የሚለካው በመጀመሪያው ጎመን ብቻ ሳይሆን፣ ምርቱ ከተነሳ በኋላ ሁለቱ ጎረቤታሞች ለበልጉም አብረው ለመዝራት በመስማማታቸው ነው።