የፒካፕዎን ጎማ በትልቅ ከመቀየርዎ በፊት

ከላሊበላ ወደ አሸተን ማርያም እንደሚያስወጣው ባሉ የላስታ ኮረኮንች ዳገቶች የሚሠሩ የቆዩ ባለሁለት ዲፈረንሻል ፒካፖች ሆዳቸው ድንጋይ እንዳይነካ ትልቅ ጎማና ቸርኬ ማስገጠም የተሻለ መፍትሔ ሊመስል ይችላል። ትርፉ ግን ከሚገመተው ያነሰ ነው። ለአብነት 225/75 አር 15 ጎማ በ265/75 አር 15 ሲተካ የጎማው ቁመት በ6 ሴንቲሜትር ቢጨምርም፣ ዲፈረንሻሉ ከመሬት የሚርቀው በ3 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። የፍጥነት መለኪያው 60 ሲያሳይም ተሽከርካሪው በሰዓት 65 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል።

ይበልጥ የሚያሳስበው ቁልቁለቱ ነው። ጎማው በተለቀ መጠን ፍሬኑ ለማቆም የበለጠ ኃይል ይጠየቃል፤ ሞተሩ በከባድ ማርሽ ተሽከርካሪውን ይዞ የማውረድ አቅሙም ይቀንሳል። በዳገት ደግሞ በከፍታው ስስ አየር ምክንያት ጉልበቱ የቀነሰ ሞተር ተጨማሪ ጫና ይደርስበታል።

ስለሆነም አምራቹ የፈቀደውን የጎማ ልክ ከመመሪያ መጽሐፉ ይመልከቱ። ተሽከርካሪው ጭኖ፣ መሪው እስከ መጨረሻው ሲዞር ጎማው ፓራፋንጎውን አለመንካቱን ያረጋግጡ። ተጠባባቂውን ጨምሮ ሁሉም ጎማዎች እኩል ልክ ሊኖራቸው ይገባል። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት በሚካሄደው ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ጎማና ፍሬን ስለሚታዩ፣ ግዢ ከመፈጸምዎ በፊት የምርመራ ተቋሙን ያማክሩ።